ሊሞናድ፣ ሚሪንዳ፣ ለላፋ፦ ከእናቴ የዱቤ ደብተር

ባለፈው ፋሲካ ቨርጂኒያ በምትኖረው እህቴ ቤት ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። ሚኒሶታ ያለው ወንድሜም ልጆቹን ይዞ ሄዷል። እኔና እናቴ አዳማ፣ ሳሎናችን ውስጥ ተቀምጠን ደወሉልን። እናቴ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ የልጅ ልጆቿን በየተራ ማነጋገር ጀመረች። የእህቴ ልጅ ተራዋ ደርሶ ምን በላሽ፣ ምን ጠጣሽ ተብላ ስትጠየቅ «ዶሮ በላሁ፣ ሶዳ ጠጣሁ» አለች። የእናቴ ፊት ተለዋወጠ። «ሶዳ? ማነው ሶዳ ያጠጣሽ?» ብላ ጮኸች።

ያለ ምክንያት አልነበረም የጮኸችው። በእኛ ሰፈር ሶዳ ከተባለ ኮስቲክ ሶዳ ነው፤ ሳሙና የሚሠራበት፣ የተደፈነ ቱቦ የሚከፈትበት፣ ከልጆች ዓይን ተሰውሮ የሚቀመጥ ነገር ነው። እኔ ትንሽ ሳለሁ አንድ የጎረቤት ልጅ በጆግ የተበጠበጠውን ውሃ መስሎት ቀምሶ ጉሮሮው ተቃጥሏል፤ ለብዙ ወራት ምግብ መዋጥ አቅቶት ነበር። ያን ልጅ አቅፈው ወደ ሐኪም ቤት ከሮጡት ሴቶች አንዷ እናቴ ናት። ስለዚህ ሶዳ የሚለው ቃል ከልጅ አፍ ሲወጣ እጇ መንቀጥቀጡ ሊገርመኝ አይገባም ነበር።

እህቴ ከኋላ እየሳቀች «እማዬ፣ ለስላሳ ማለቷ ነው» አለች። እናቴ እግዚአብሔርን አመስግና ሳትጨርስ ደግሞ የወንድሜ ልጅ ከጎን ብቅ ብሎ የአክስቱን ልጅ ያርማት ጀመር፤ ሶዳ አይባልም፣ ፖፕ ነው የሚባለው ይላታል። እርሷም አልተሸነፈችም። ሁለቱ የአንድ አያት የልጅ ልጆች፣ ሁለቱም አሜሪካ ተወልደው፣ ሁለቱም በእንግሊዝኛ እየተከራከሩ፣ በአንድ ጠርሙስ ስም መስማማት አልቻሉም። እናቴ ሁለቱንም በጥሞና ካዳመጠች በኋላ ወደ እኔ ዞር ብላ በዝግታ «ሁለቱም የየሰፈራቸውን ነው የሚሉት» አለችኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ተነሥቼ ስለነዚህ ቃላት ማንበብ ጀመርሁ፤ ያነበብሁትም ከእናቴ ድንጋጤ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ሆኖ አገኘሁት። ሶዳ የሚለው የመጠጥ ስም የመጣው በእርግጥም ሶዳ ከሚባሉት የሶዲየም ውሁዶች ነው፤ ኮስቲክ ሶዳም ከእነርሱ አንዱ ነው። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጆሴፍ ፕሪስትሊ እ.ኤ.አ. በ1767 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሊድስ ከተማ ውስጥ ከአንድ ቢራ ጠመቃ አጠገብ ይኖር ነበር። ከሚፈላው ቢራ በላይ ተኝቶ የሚቆየውን ጋዝ ወደ ውሃ ማስገባት እንደሚቻል ያየው እዚያ ነው። በ1783 ደግሞ ጄኔቫ ይኖር የነበረው ዮሐን ያኮብ ሽዌፕ እንዲህ ያለውን ውሃ አምርቶ መሸጥ ጀመረ። በዚያ ዘመን ባለ ጋዙ ውሃ የሶዲየም ጨው ይጨመርበት ስለነበር የሶዳ ውሃ ተባለ። ኋላ ጨውም ተወ፣ ስኳርም ተጨመረ፣ ስሙ ግን ሳይቀየር ውቅያኖስ ተሻገረ። እናቴ የፈራችው ነገርና የልጅ ልጇ የጠጣችው ነገር በስም ዘመዳሞች ናቸው።

ፖፕ የሚለው ደግሞ ከጆሮ የተወለደ ቃል ነው። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ሮበርት ሳውዚ በ1812 በጻፈው ደብዳቤ ላይ ስለ አንድ መጠጥ ሲያወራ ፖፕ የተባለው ቡሹ ሲነቀል ፖፕ ስለሚል ነው ብሏል። ይህን ሳነብ የእናቴ ሱቅ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ገባ፤ ቆርኪው ሲነሣ ጧ፣ ቀጥሎ እንደ ረጅም እስትንፋስ የሚወጣው ጋዝ። እኛም ከድምፁ ስም ልናወጣለት እንችል ነበር፤ አላወጣንም። ለምን እንዳላወጣን ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሜሪካኖች ይህን ነገር በካርታ ሥለውታል። በሰሜን ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ የስታቲስቲክስ ተማሪ የነበረው ጆሹዋ ካትዝ በ2013 ያወጣቸው የቃላት ካርታዎች ብዙ ሰው ዘንድ የደረሱ ናቸው። በሰሜን ምሥራቁና በካሊፎርኒያ ሶዳ፣ ከታላላቆቹ ሐይቆች አካባቢ ጀምሮ እስከ ምዕራቡ ሰሜናዊ ጠረፍ ፖፕ፣ በደቡቡ ደግሞ ኮክ ይባላል። ሴንት ሉዊስ ከተማ በፖፕ ባሕር መካከል እንደ ደሴት ብቻዋን ሶዳ ትላለች። የደቡቡ ነገር ልቤን ነካው። ኮካ ኮላ በ1886 የተወለደው አትላንታ ነው፤ የአካባቢው ሰው የአንዱን ልጅ ስም ለቤተሰቡ ሁሉ ሰጠው። አስተናጋጇ ኮክ ትፈልጋለህ ወይ ትላለች፣ ደንበኛው አዎን ይላል፣ እርሷም የትኛውን ኮክ ብላ ትጠይቃለች፤ የብርቱካኑንም ሊል ይችላል።

ይህንን ካርታ እያየሁ ሳለ ነው የእናቴ የዱቤ ደብተር ትዝ ያለኝ።

እናቴ ከሃያ ዓመት በላይ ትንሽ ሱቅ ነበራት፤ ከባቡር ጣቢያው ብዙም አይርቅም። አዳማን የሚያውቅ ሰው ሱቁ ማንን ያስተናግድ እንደነበር መገመት አያቅተውም። ይህች ከተማ የመንገዶች መገናኛ ናት። ከአዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ የመጣ ሰው ከዚህ ወይ ወደ አዋሽ፣ ድሬዳዋና ጅቡቲ ይቀጥላል፣ ወይ ወደ አሰላና ባሌ ይታጠፋል። ከሥር ወንጂ አለች፤ የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ በ1950ዎቹ የስኳር ፋብሪካውን ሲያቋቁም ከከምባታ፣ ከሐዲያ፣ ከወላይታ ለሸንኮራ ሥራ የመጡ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች የሚኖሩባት። ሙቀቱም አለ፤ የስምጥ ሸለቆ ሙቀት፣ ከቀትር በኋላ ከአቧራ ጋር የሚነሣው ነፋስ። በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ፍሪጅ ያላት ሴት ጠርሙስ ትሸጣለች። የተጠማ ሰው ቃል አይመርጥም፤ አገር ቤት የለመደውን ነው የሚጠራው። እኔ በዚያ ባንኮኒ ሥር ነው ያደግሁት።

ደብተሩ ባለ ጠንካራ ሽፋን፣ ሰማያዊ መስመር ያለው ነበር። እናቴ የደንበኛውን ስም በግራ፣ የወሰደውን በመካከል፣ ብሩን በቀኝ ትጽፋለች። አንድ ነገር ግን ከሌላው ሱቅ ይለያት ነበር፤ ሰውየው የወሰደውን የምትጽፈው እርሱ በጠራበት ቃል ነው። ሁለት ሰዎች ያንኑ የብርቱካን ጠርሙስ ቢወስዱ የአንዱ መስመር ላይ «ሚሪንዳ 1»፣ የሌላው ላይ «አራንቻታ 1» ተብሎ ይገኛል። ልጅ ሳለሁ ይህ ያናድደኝ ነበር፤ ሒሳቡን የምደምረው እኔ ነኝና። ለምን እንዲህ እንደምታደርግ ስጠይቃት «ሰው ዕዳውን በራሱ አፍ ካልሰማው የእኔ አይደለም ይላል» አለችኝ። መልሱ የነጋዴ መልስ ነው። አሁን ሳስበው ግን ከንግድም ያለፈ ነገር ነበረበት ብዬ አምናለሁ።

አራንቻታ የሚሉት አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነበሩ። በወጣትነታቸው ከጣሊያኖች ጋር ጋራዥ ውስጥ ሠርተዋል፤ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን የሚሏቸውን ቃላት እኛም ሁላችን እንላቸዋለን፣ አራንቻታ ግን ከእርሳቸው በቀር ከማንም አልሰማሁም። ጣሊያኖች የብርቱካን መጠጥን የሚጠሩበት ስም ነው። የመኪናው ቃል ከመኪናው ጋር ቀረ፤ የመጠጡን ቃል ግን አዲስ ጠርሙስ በመጣ ቁጥር አዲስ ስም እየገፋው ሄደ። እርሳቸው ሲሞቱ ከእኛ ሱቅ አንድ ቃል አብሮ ሞተ።

ስለ ባቡሩ ሰው ልናገር። ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ እናቴ ጓዳ ገብታ እኔ ባንኮኒው ላይ ነኝ። ረጅም፣ ካፖርታቸውን በዚያ ሙቀት እንኳ የማያወልቁ ሽማግሌ መጡና «ሊሞናድ አለ?» አሉኝ። እኔ የሰማሁት ሎሚ ነው። «ሎሚ ጉሊት ነው ያለው፣ እዚህ የለም» አልኋቸው። ቀና ብለው ፍሪጁን፣ በውስጡም የተደረደሩትን ጠርሙሶች አዩ፣ መልሰው እኔን አዩ፣ ምንም ሳይሉ ሄዱ። እናቴ ስትወጣ የሆነውን ነገርኋት። ያየሁት ፊቷ እስካሁን አይረሳኝም። አልተቆጣችም፤ አንድ ስፕራይት ከፍሪጁ አውጥታ በነጠላ ጫማዋ ከኋላቸው ሮጠች። አስፋልቱን ከመሻገራቸው በፊት ደረሰችባቸው። ይዛቸው ተመለሰች፤ በርጩማ ላይ አስቀመጠቻቸው፤ እርሳቸው እየጠጡ ሳለ ለእኔ «የተጠማ ሰው የተናገረውን እንጂ አንቺ የምታውቂውን አትስሚ» አለችኝ።

ሰውየው የምድር ባቡር ጡረተኛ ነበሩ። ድሬዳዋ ተወልደው፣ በባቡሩ ላይ ሠርተው፣ በጣቢያ በጣቢያ ኖረው በመጨረሻ አዳማ የቀሩ። ያ ባቡር የፈረንሳይ ኩባንያ ልጅ ነው፤ ድሬዳዋ ከተማ ራሷ በ1902 ሐዲዱ ሲደርስ ነው የተቆረቆረችው፤ እስከ አዲስ አበባ የዘለቀው በ1917 ነው። የባቡሩ የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር ሠራተኛው ቋንቋውን ከነዕቃው ተቀበለ። ሊሞናድ ፈረንሳዮች ጣፋጭ ባለ ጋዝ የሎሚ መጠጥ የሚሉበት ቃል ነው። ሐዲዱ ካለፈበት ቦታ ሁሉ ይህን ቃል የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ ይገኛል ይሉኝ ነበር። እኔ አንድ አውቃለሁ፤ ያ አንዱ ለአሥራ አንድ ዓመት ከቀትር በኋላ በአሥር ሰዓት ሱቃችን መጥቶ በዚያው በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ፍሪጅ ያልገባ ነበር የሚፈልጉት። በደብተሩ ላይ ሁልጊዜ «ሊሞናድ»።

ካደግሁ በኋላ ያስተዋልሁት ሌላ ነገር አለ፤ ይህንን በደንብ ማስረዳት እፈልጋለሁ። ስለ ቃላት ስናወራ ወዲያው የምናስበው ብሔርንና ቋንቋን ነው፤ የአማርኛው ሰው እንዲህ ይላል፣ የኦሮምኛው ሰው እንዲያ ይላል እያልን። የእናቴ ደብተር ግን እንዲህ አይከፋፈልም። የሚከፋፈለው በጭነት መኪና ነው። ኮካ ኮላ አገራችን ውስጥ መታሸግ የጀመረው በ1959 አዲስ አበባ ላይ ነው፤ ሁለተኛው ፋብሪካ በ1965 ድሬዳዋ ላይ ተከፈተ። አዳማ በእነዚህ ሁለቱ መካከል፣ በዚያው መንገድ ላይ ናት። የፔፕሲው ወገን በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ገባና ከብዙ ጊዜ በኋላ ሐዋሳም ላይ ፋብሪካ ተከለ። አሁን የሁለት ዘመዶቼን ነገር ስሙ። ድሬዳዋ ያደገችው የአጎቴ ልጅ ብርቱካናማውን ጠርሙስ ፋንታ ነው የምትለው፤ ሚሪንዳ ቢቀርብላትም ፋንታ ትለዋለች። ሐዋሳ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ደግሞ ፋንታ ተቀድቶለት «ሚሪንዳው ቀዝቃዛ ነው» ይላል። ሁለቱም የአንድ ቤተሰብ ልጆች፣ ሁለቱም አማርኛ ተናጋሪዎች ናቸው። የለያያቸው በልጅነታቸው ሰፈራቸው ይደርስ የነበረው የጭነት መኪና ሳጥን ቀይ ወይም ሰማያዊ መሆኑ ነው።

ሳጥኑን በቀላሉ አትዩት። ባዶ ጠርሙስ ሳይመልሱ ሙሉ ጠርሙስ መውሰድ በማይቻልበት ዘመን ያደገ ሰው ይገባዋል። የአንዱ ፋብሪካ ጠርሙስ ለሌላው አይሆንም። እናቴ ቀዩን ሳጥን ለብቻ፣ ሰማያዊውን ለብቻ ትደረድራለች፤ የሌላ ጠርሙስ ተቀላቅሎ ከተገኘ አከፋፋዩ አውጥቶ ይጥለዋል፣ ኪሳራው የእርሷ ነው። ስለዚህ አንድ ሱቅ በአንዱ ሳጥን ከጀመረ በዚያው ይቀጥላል፤ ሱቁ ያለበት ሰፈርም በዚያው ይቀጥላል፤ የሰፈሩ ልጆችም ዕድሜ ልካቸውን በዚያው ቃል ይጠራሉ። የቃል ካርታ የጠርሙስ መመለሻ ካርታ ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ሁለቱም ስሞች ደግሞ የራሳቸው ታሪክ አላቸው። ፋንታ በ1940 ጀርመን ውስጥ፣ በጦርነቱ ምክንያት የኮካ ኮላ ቅመም ሲጠፋ፣ ከተገኘው ተረፈ ምርት የተሠራ መጠጥ ነው፤ ስሙ ምናብ ከሚለው የጀርመንኛ ቃል ተቆርጦ ወጣ። ሚሪንዳ የስፔን ልጅ ነው፤ ቃሉ ግን ኤስፔራንቶ ነው፤ ድንቅ ማለት ነው። ኤስፔራንቶ የዓለም ሰው ሁሉ በአንድ ቋንቋ ይግባባ በሚል ተስፋ የተፈጠረ ቋንቋ ነው። ያ ተስፋ አልተሳካም፤ አንዲት ቃሉ ግን ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ዓሣ ከሚጠበስበት አጠገብ፣ ምን ማለት እንደሆነ በማያውቁ ሰዎች አፍ በየቀኑ ትነገራለች። ይህን ሳውቅ ደስ አለኝ።

ወደ ለስላሳ ልመለስ። ልጅ ሳለሁ ይህ ቃል ትርጉም አልሰጠኝም። ለስላሳ የምንለው የሕፃን ጉንጭን፣ ጥጥን፣ የሚያባብል ድምፅን ነው። ይህ መጠጥ ግን ምላስ ይወጋል፣ አፍንጫ ውስጥ ይገባል፣ ዓይን ያስነባል። ምኑ ነው የለሰለሰ? ቃሉ ለስላሳ የተባለው ለምላስ ሳይሆን ለራስ ነው፤ ከሚያሰክረው ተለይቶ፣ አእምሮ የማያናውጥ ማለት ነው። እንግሊዞችም ሶፍት ድሪንክ ያሉት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሐሳቡ ከእነርሱ ተወሰደና በአማርኛ ለስላሳ መጠጥ ተባለ። ከዚያ እኛ መጠጥ የሚለውን ጣልነው። ይህ መጣል ትልቅ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። ቅጽል የነበረው ስም ሆነ፤ አንድ ለስላሳ፣ ሁለት ለስላሳ፣ ለስላሳው አለቀ። ሌላ አገር የኩባንያ ስም ወይም የቡሽ ድምፅ የወሰደውን ቦታ እኛ ዘንድ አንድ የጠባይ ቃል ያዘው።

ለምን? የእኔ ግምት ይህ ነው። እኛ ቤት ጠርሙሱ የገባው በእንግዳ በኩል ነው። ለራሱ ጥም ብሎ ለስላሳ የሚገዛ ሰው በልጅነቴ ጥቂት ነበር፤ የሚገዛው እንግዳ ሲመጣ ነው። እንግዳው ገና ሳይቀመጥ ልጅ በጓሮ በር ወደ ሱቅ ይላካል፤ እንግዳው «ኧረ ለምን ተቸገራችሁ» ይላል፤ ግማሹን ጠጥቶ ግማሹን ለልጆች ይተዋል። ሠርግ ላይ፣ ክርስትና ላይ አሳላፊው የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ቢራ ወይስ ለስላሳ? ጥያቄው ስለ ጣዕም ሳይሆን ስለ ሰውየው ነው፤ ይጠጣል ወይስ አይጠጣም። ሙስሊሙ እንግዳ፣ ጴንጤው፣ ነፍሰ ጡሯ፣ መድኃኒት የጀመረው፣ ልጁ፣ ሁሉም በዚህ ቃል ሥር ሳያፍሩና ምክንያት ሳይዘረዝሩ ይገባሉ። ከጠርሙሱ በፊት ይህን ሥራ ብርዝ ይሠራ ነበር፤ በሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድ ደግሞ ከገብስ የሚዘጋጀው ቀሪቦ። ጠርሙሱ የእነርሱን ወንበር ነው የወረሰው። ለዚህ ወንበር የቡሽ ድምፅ አይመጥነውም፤ ለስላሳ ይመጥነዋል።

ኦሮምኛውም በዚሁ መንገድ ሄዷል። ከአሰላና ከዴራ በኩል የሚመጡ እናቶች ሱቃችን ገብተው «ለላፋ» ሲሉ እሰማ ነበር፤ ላፋ ከሚለው፣ ለስላሳ ማለት ከሆነው ቃል። ለስላሳ፣ ለላፋ፤ ሁለቱም በለ ይጀምራሉ፣ ሁለቱም ምላስን እየደጋገሙ ያንከባልላሉ። እናቴ «አዴ፣ ለላፋ ካም?» ብላ የትኛውን እንደሚፈልጉ ትጠይቃቸዋለች፤ ልክ እንደ አትላንታዋ አስተናጋጅ።

የኩባንያ ስም መላውን ዓይነት የዋጠበት መጠጥ እኛም አገር አለ፤ ግን ለስላሳ አይደለም፣ ውሃ ነው። ባለ ጋዝ የማዕድን ውሃ ሁሉ አምቦ ነው፤ አምቦ ውሃ ከ1930 ጀምሮ ሲታሸግ ኖሯልና ማንም ሊወዳደረው አልቻለም። ከዚያ ሃይላንድ መጣ። የአንድ የታሸገ ውሃ ስም ነበር፤ ዛሬ የትኛውም የፕላስቲክ ጠርሙስ ሃይላንድ ነው፤ ውሃው ቢያልቅም፣ ኩባንያው ሌላ ቢሆንም። ጠበል በሃይላንድ ይቀዳል፣ ወተት በሃይላንድ ይመጣል፣ ዘይት በሃይላንድ ይለካል፣ ነዳጅ ያለቀበት ባጃጅ ነጂ ሃይላንድ ይዞ ይሮጣል። (ባጃጅም ራሱ እንዲሁ የኩባንያ ስም ነው፤ እንደ አይሱዙ። ኦሞም የአንድ ምርት ስም ነው።) ከአዳማ ወደ መተሐራ በሚወስደው መንገድ ዳር መኪና ባለፈ ቁጥር ልጆች «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ባዶውን ጠርሙስ ይለምናሉ። ቃሉ በእንግሊዝኛ ደጋ ማለት ነው። በዚያ ጠራራ ቆላ፣ ጥላ በሌለበት ሜዳ፣ ልጆች ደጋ ደጋ እያሉ ይጮኻሉ። ይህን ትርጉም ካወቅሁ ጀምሮ በዚያ መንገድ ስሄድ መስኮት መዝጋት አልቻልሁም።

አንድ ቃል ደግሞ በአውሮፕላን መጣ። ጎረቤታችን የነበረች ልጅ ጅዳ ስድስት ዓመት ሠርታ ስትመለስ ሱቃችን ገብታ «ቢብሲ» አለች። እናቴ ፔፕሲ አውጥታ ሰጠቻት፤ ልጅቷ ግን ማንኛውንም ለስላሳ ማለቷ ነበር። አረብኛ ፐ የሚለው ድምፅ የለውም፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ብዙ ሰው ለስላሳን ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። ምክንያቱ ደግሞ ፖለቲካ ነው፤ ኮካ ኮላ ከእስራኤል ጋር በመሥራቱ የዓረብ ሊግ ከ1968 እስከ 1991 እንዳይሸጥ ከልክሎት ነበር፣ ሜዳው ለፔፕሲ ቀረ። በዓረብ ሊግ የተወሰነ ማዕቀብ ከብዙ ዓመት በኋላ በአንዲት የአዳማ ልጅ አፍ ላይ ተቀምጦ ሱቃችን ገባ። እናቴ ይህን ሁሉ አታውቅም ነበር። ደብተሯን ከፍታ «ቢብሲ 1» ብላ ጻፈች።

ስለዚህ ጉዳይ አጥብቄ የምናገረው ሰው ሲታረም ማየት ስለማልወድ ነው። አሁን በከተማችን ትላልቅ የገበያ መደብሮች አሉ፤ ባለፈው ዓመት ከእናቴ ጋር ከእነርሱ አንዱ ገብተን ሃይላንድ ብላ ስትጠይቅ ወጣቱ ሠራተኛ «እንደሱ የሚባል የለም፣ ሌላ ውሃ ነው ያለው» ብሎ ፊቱን አዞረባት። እናቴ ዝም አለች። ያ ልጅ እኔ በዘጠኝ ዓመቴ ያደረግሁትን ነው ያደረገው፤ ከኋላዋ የሚሮጥ ሰው ግን አልነበረም። ውሃውን እኔ ከመደርደሪያው አንሥቼ ሰጠኋት።

ያ ሽማግሌ የባቡር ሰው አሮጌው ባቡር መመላለሱን ካቆመ በኋላ ብዙ አልቆዩም። በመጨረሻዎቹ ወራት ከቤት መውጣት ስላቃታቸው ሊሞናዳቸውን የምወስድላቸው እኔ ነበርሁ። ክፍላቸው ውስጥ በፈረንሳይኛ የተጻፈ የሥራ መታወቂያና አንድ የጣቢያ ደወል ነበረ። ከተቀበሩ ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጃቸው ከድሬዳዋ መጣ። የአባቱን ዕዳ በየሱቁ እየዞረ ይከፍል ነበር። እናቴ ዕዳ የለባቸውም አለችው። ሰውየው አልተቀበለም፣ ደብተሩን ልይ አለ።

ገጹን ገለጠችለት። በመስመሩ ሁሉ ላይ አንድ ቃል ነው ያለው። ጣቱን ከላይ እስከ ታች እያወረደ አነበበ፤ ከዚያ ቀና ብሎ «ይህን ቃል ከአባቴ በቀር የሚል ሰው አለ ብዬ አላስብም ነበር» አለ። ገንዘቡን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። እናቴ ያንን ገንዘብ አልነካችም። በሃያ ዓመት ውስጥ ከዚያ ደብተር አንድም ገጽ ቀድዳ የማታውቀው ሴት መቀሱን ከመሳቢያ አወጣች፣ ገጹን ከሥሩ ቀስ ብላ ቆረጠችና አጥፋ ሰጠችው።